መጮኽ ስለ ተወው ውሻ

ልጆች ሆይ፥ በአገራችን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚባል ምሳሌ አለ። ይህም ምሳሌ በሁለት መንገድ ይነገራል። አንዱ ሰው ሲያመሰግንበት «ውሻ እንኳ ያበላውን አይረሳም» ለማለት ይናገረዋል፤ ሌላው ሲነቅፍበት «ያ ሰው የሚሟገተው ስለ እውነት አይደለም፥ ስለ ሆዱ ነው» ለማለት ይናገረዋል። በሁለቱም መንገድ ቢሆን እንጀራው የጩኸቱ ዋጋ ሆኖ ይቈጠራል። እንግዲህ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ውሻው ያረጀ እንደ ሆነ፥ ጆሮውም ደንቍሮ መጮኽ የተወ እንደ ሆነ፥ እንጀራው ይቀርበታልን? ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ በገዛ ቤቴ ደጃፍ ላይ ተኝቶ አገኘሁት እንጂ። አስቀድሜ የሰጠሁትም መልስ ክፉ ነበረ። ስለዚህ ታሪኩን ከነጥፋቴ እነግራችኋለሁ።

የምኖረው በደብረ ብርሃን ነው። ይህች ከተማ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ትገኛለች፤ ከፍታዋም ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ያህል ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ድረስ የሌሊቱ ብርድ ብርቱ ነው፤ ጧት በተነሣችሁ ጊዜ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ታገኙታላችሁ። ሰውም በጋቢና ከበግ ጠጕር በተሠራ ባና ተጠቅልሎ ያድራል። በሌሊት ጅብ ከየገደሉ ወጥቶ በየአጥሩ ሥር ይዞራል፤ ስለዚህ በግ ያለው ሰው ውሻ የሌለውን ቤት መዝጊያ እንደ ሌለው ቤት ይቈጥረዋል።

ከ13 ዓመት በፊት በጎረቤታችን ቤት አንዲት ውሻ ወልዳ ነበረችና አንድ ቡችላ ተሰጠን። መልኩ ቡላ፥ ደረቱም ነጭ ነበረ። በአገራችን የውሻ ስም ብዙ ጊዜ ለጎረቤት የሚላክ መልእክት ነው። ከሰው የተጣላ ሰው በልቡ ያለውን ቃል ለውሻው ስም አድርጎ ያወጣዋል፤ ውሻውን በጠራ ቍጥርም ነገሩ ከባላጋራው ጆሮ ይደርስለታል። እናቴም ለዚህ ቡችላ «መከታ» ብላ ስም አወጣችለት፤ የእርሷ መልእክት ግን ለሰው አልነበረም፥ ለጅብ ነበረ እንጂ።

መከታም እንደ ስሙ ሆነ። በተወለደ በ4ኛው ዓመት፥ በነሐሴ ወር፥ ዝናም በሚዘንምበት አንድ ሌሊት ጅብ አጥሩን ጥሶ ገባ። ውሻው ብቻውን በበረቱ በር ላይ ቆሞ፥ እኛ ችቦ አብርተን፥ ጎረቤቶቻችንም ዱላ ይዘው እስኪደርሱ ድረስ አላሳለፈውም። በጎቹ ሁሉ ዳኑ፤ እርሱ ግን የግራ ጆሮው እኩሌታ ተቈርጦ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንበላ ከገበታችን ያጐረስነው ስለ ፍቅር ይመስለን ነበረ። ኋላ እንደ ተረዳሁት ግን እኔ የማጐርሰው ስለ በጎቹ ነበረ።

ከዚህ በኋላ ዘመን አለፈ። ውሻ እንደ ሰው ረጅም ዕድሜ የለውም። እንደ ዘሩና እንደ አያያዙ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 13 ዓመት ያህል ይኖራል፤ በአካል ትንንሾቹም ከትልልቆቹ ይልቅ ይቈያሉ። እርጅናው የሚመጣው እንደ እኛ ቀስ በቀስ ነው። አስቀድሞ በአፍንጫው ዙሪያ ያለው ጠጕር ይሸብታል። ቀጥሎ ዓይኑ ውስጥ እንደ መስተዋት የጠራው ክፍል እየጠጠረ ሰማያዊ ጉም የመሰለ ነገር ይታይበታል፤ ይህ ብቻውን ዕውርነት አይደለም። ነገር ግን ሞራ የሚባለው ነጭ ሕመም ያገኘው እንደ ሆነ ብርሃኑን ይከለክለዋል። ደግሞ በአጥንትና በአጥንት መጋጠሚያ ያለው ለስላሳ ልባስ እየሳሳ ይሄዳልና መነሣትና መተኛት ጭንቅ ይሆንበታል። ጥርሱ ይወላልቃል፤ ጆሮውም ይደነቍራል።

ውሻ ሕመሙን በቃል አይናገርም። ስለዚህ አሳዳሪው በዓይኑ ማንበብን መማር አለበት። ከተኛበት ለመነሣት ሲያመነታ፥ አንዱን እግሩን ደጋግሞ ሲልስ፥ ሳይሮጥ ሲያለከልክ፥ የለመደውን እጅ ሲሸሽ፥ የሚወደውን መብል አሽትቶ ሲተው፥ ይህ ሁሉ የሕመም ፊደል ነው። እኔ ለሌሎች ልጆች ፊደል ሳስቈጥር ስኖር ይህን ፊደል በቤቴ ሳለ አላነበብሁትም ነበር። መከታ ከመኝታው ዘግይቶ ሲነሣ «ሰነፈ» እል ነበረ፤ ጠርቼው ባልመጣ ጊዜም «ናቀኝ» እል ነበረ።

ባለፈው ዓመት በጥር ወር አንድ ሌሊት ጅብ መጥቶ ከነበሩን ሦስት በጎች አንዲቱን ወሰደ። መከታ በደጃፍ ተኝቶ ነበረ፤ አልሰማም። ጧት ደሙን ባየሁ ጊዜ እጅግ ተቈጣሁ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ሊያጽናኑኝ መጥተው «የኔታ፥ ውሻዎ ዘመኑን ጨርሷል። ከገደሉ ማዶ ወስደው ይልቀቁትና ሌላ ቡችላ ያሳድጉ» አሉኝ። ይህን ያሉት በክፋት አይደለም፤ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን መናገራቸው ነበረ። እኔም ነገሩ ትክክል መሰለኝና ገመድ አምጥቼ በአንገቱ አሰርሁ።

በዚያን ጊዜ እናቴ በውጭ መደብ ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቅ ነበረ። ዓይኗ ደክሟልና የገመዱን ድምፅ እንጂ ገመዱን አላየችም። «ወዴት ትወስደዋለህ፥ ልጄ?» አለችኝ። እኔም «ዘመኑን ጨርሷል፤ አይጮኽም፤ በጊቱንም አስበላት» ብዬ መለስሁላት። እናቴ ጥቂት ዝም ብላ ቈየችና «እኔም እኮ እንዝርት ከጣልሁ ሦስት ዓመቴ ነው» አለች። ከዚህም በላይ አንድ ቃል አልጨመረችም።

ገመዱን እንደ ያዝሁ ቆምሁ። ውሻው ግን ከእኔ ጋር ሊንሸራሸር የሚሄድ መስሎት በዚያ በታመመ ወገቡ ጭራውን ይቈላ ነበረ። እኔም ገመዱን ፈታሁና ወደ ጓሮ ሄጄ ብቻዬን ተቀመጥሁ።

ልጆች ሆይ፥ እናቴ ሰውን ከውሻ ጋር ማስተካከሏ አልነበረም። የነገረችኝ ስለ ውሻው ሳይሆን ስለ ልቤ ነው። በጥቅሙ ብቻ ወዳጁን የሚመዝን ልብ ሚዛኑን ዛሬ በውሻ ላይ ቢያነሣ ነገ በማን ላይ እንደሚያነሣው አይታወቅም። ውሻው ላይ የለመደው እጅ በሽማግሌ አገልጋይ ላይ፥ ቀጥሎም በገዛ እናቱ ላይ ሊዘረጋ ይችላል። ከዚህም በቀር በጓሮ ተቀምጬ ሳለሁ አጥሩን አየሁት። ጅቡ የገባበት ቀዳዳ ከክረምት ጀምሮ የነበረ ነው፤ «ነገ አጥረዋለሁ» እያልሁ ያሳደርሁት እኔ ነኝ። እንግዲያስ በጊቱን ያስበላት የመከታ ጆሮ አልነበረም፤ የእኔ ስንፍና ነበረ። ሰው ጥፋቱን መናገር በማይችል ላይ መጫን እንዴት ቀላል ነው! በዚያው ቀን እንጨትና እሾህ አስመጥቼ አጥሩን አጠርሁ።

ከዚያ በኋላ የታመመ ውሻ እንዴት እንደሚያዝ ለማወቅ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድሁት። ሐኪሙ አካሉን ዳስሶ፥ ጥርሱን ተመልክቶ፥ ልቡን አዳምጦ «እርጅናን የሚፈውስ መድኃኒት የለም፤ ሕመሙን ማቅለል ግን ይቻላል» አለኝ። የተማርሁትን ለእናንተም ይጠቅማችኋልና በተራ እጽፈዋለሁ።

አንደኛ፥ መኝታው ነው። የታመመ አጥንት ብርድንና እርጥብ መሬትን አይችልም። ስለዚህ ንፋስ በማይገባበት ማዕዘን ጭድ ጐዝጕዘን፥ በላዩ አሮጌ ባና አራት እጥፍ አድርገን አነጠፍንለት። ጭዱንም በየሳምንቱ እንለውጣለን። ብዙ የሚተኛ እንስሳ በአንድ ጎኑ ብቻ ቢያድር ቈዳው ይቈስላልና ማታ ማታ ቀስ ብለን እናገላብጠዋለን።

ሁለተኛ፥ መብሉ ነው። እኛ የተረፈውን ወጥ ስንሰጠው እንኖር ነበረ፤ ይህም ቸርነት ይመስለን ነበረ። ሐኪሙ ግን ሽንኵርት፥ ቀዩም ነጩም ቢሆን፥ የውሻን ደም እንደሚጐዳ ነገረን። በእውነት ሽንኵርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳል፤ የአገራችን ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኵርት አይሠራም። የበሰለ የዶሮ አጥንትም እየተሰነጠቀ አንጀትን ሊወጋ ይችላል። ስለዚህ ባለቤቴ ያለ ሽንኵርት አጥንት ቀቅላ በመረቁ እንጀራ አርሳ በገል ታቀርብለታለች፤ አጥንቱንም ታወጣዋለች። በቀን ሁለት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ይበላል፤ ንጹሕ ውኃም ከአጠገቡ አይታጣም።

ሦስተኛ፥ መድኃኒቱ ነው። ለሰው የተሠራ የሕመም ማስታገሻ ለውሻ መርዝ ሊሆን ይችላል። ይልቁንም አይቡፕሮፌን የሚባለው ሆዱንና ኵላሊቱን ይጐዳል። የውሻ መድኃኒት በክብደቱ ልክ ይሰጣል እንጂ በግምት አይሰጥም፤ ስለዚህ መከታን በእህል ሚዛን መዘንነውና 18 ኪሎ ሆነ። በሚዛኑ ላይ ሳለ ጎረቤቶቻችን «ውሻ በኪሎ ሊሸጥ ነውን?» እያሉ ሳቁብን፤ እኛም ከእነርሱ ጋር ሳቅን።

አራተኛ፥ አቀራረቡ ነው። የደነቈረ ውሻ ተኝቶ ሳለ በድንገት ቢነኩት ደንግጦ ሊነክስ ይችላል፤ ይህም ክፋት አይደለም። ስለዚህ ልጆቼ ከመቅረባቸው በፊት መሬቱን በእግራቸው ቀስ ብለው ይመታሉ። ንዝረቱ ይሰማዋልና ራሱን ቀና ያደርጋል፤ እነርሱም ያን ጊዜ እጃቸውን ያሸትቱታል።

አምስተኛ፥ ፍቅር ጥንቃቄን አይሽርም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ከሞት የሚያመልጥ የለም ለማለት ያህል ነው። ይህ በሽታ ግን አስቀድሞ በክትባት ይከለከላል። ሉዊ ፓስተር የሚባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በ1885 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ በሐምሌ ወር፥ እብድ ውሻ የነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ በክትባት አድኖታል። ስለዚህ ውሻ ያለው ሰው ውሻውን በጊዜው ያስከትብ። የተነከሰም ሰው ቍስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል ይጠብና ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ። «ውሻው የእኛ ነው፥ ምን ያደርገኛል» ማለት ሞኝነት ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ስታነቡ የታመመ እንስሳ መጠበቅ ሸክም ብቻ ይመስላችሁ ይሆናል። ሸክምነቱን አልክድም። በሌሊት ተነሥቶ ማውጣት አለ፤ የቈሸሸ መኝታ ማጠብ አለ፤ ለመድኃኒት የሚወጣ ገንዘብም አለ። ነገር ግን ከዚህ ሸክም ጋር ያልጠበቅሁት ነገር መጣ፤ እርሱም ትንንሹን ደስታ ማየት ነው።

መከታ ትልልቁ ደስታ ሁሉ አልፎበታል። አይሮጥም፤ አያድንም፤ ከሌሎች ውሾች ጋር አይታገልም። የቀረለት ትንሹ ነው። ጧት ፀሐይ በወጣች ጊዜ በምሥራቅ በኩል ያለው ግድግዳ ይሞቃል፤ ወደዚያ እየተንገዳገደ ሄዶ ጎኑን ያስጠጋና ዓይኑን ይጨፍናል። እናቴም በመደቡ ላይ ከአጠገቡ ትቀመጣለች። አንዱ አይሰማም፥ አንዷ አጥርታ አታይም፤ ሁለቱም ግን ፀሐይቱ መቼ ከግድግዳው ላይ እንደምታልፍ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። እኔ በዚያ ቤት ስኖር ስንት ዓመቴ ነው! በዚያ ግድግዳ ላይ ያለውን የጧት ሙቀት ግን ከእነርሱ በፊት አላወቅሁትም፤ ወደ ተማሪ ቤት ስቸኵል አልፈው ነበረና።

ከዚያም ማታ ማታ እናንሸራሽረዋለን። ከደጃፋችን እስከ ትልቁ ባሕር ዛፍ ድረስ 200 እርምጃ ያህል ነው። ቀድሞ በሁለት ደቂቃ እሄደው የነበረው መንገድ አሁን ግማሽ ሰዓት ይፈጅብናል። ውሻ ዓይኑና ጆሮው ቢደክም ማሽተቱ እስከ መጨረሻው አብሮት ይቈያል። በሰው አፍንጫ ውስጥ ሽታን የሚቀበሉ 5 ወይም 6 ሚሊዮን ያህል ረቂቅ ሕዋሳት አሉ፤ በውሻ አፍንጫ ውስጥ ግን ከ100 ሚሊዮን ይበልጣሉ። ስለዚህ ለእርሱ ያ አጥር የተጻፈ ደብዳቤ ነው፤ ማን እንዳለፈ፥ የማን ድመት እንደ ወለደች፥ የት ቤት ሥጋ እንደ ተቀቀለ ያነብበታል። እኔም እርሱ አንብቦ እስኪጨርስ ድረስ ቆሜ እጠብቃለሁ። በዚህ መቆም ምክንያት ስማቸውን የማላውቃቸውን ጎረቤቶች አወቅሁ። «ዛሬስ እንዴት አደረ?» ይሉኛል፤ እኔም ስለ ልጆቻቸው እጠይቃለሁ።

በሰንበት ቡና ሲፈላም እንዲሁ ነው። ቡናው ሲቈላ ሽታው ሲደርሰው ራሱን ከባናው ላይ ቀና ያደርጋል። ቡና ለውሻ አይገባም፥ አንሰጠውምም፤ ነገር ግን ከቡናው ጋር የቡና ቍርስ እንደሚመጣ ያውቃል። ጥርስ የለውምና ቈሎ አይችልም፤ ከዳቦው ልብ ጥቂት ይቈረስለታል። ያችን ቍራሽ ተቀብሎ እንደ ትልቅ ግብር በሁለት እግሮቹ መካከል ያኖራትና ጥቂት ይመለከታታል፤ ከዚያ በኋላ ይበላታል። እኛ ሙሉውን ዳቦ ስንበላ እንዲህ ያለ ምስጋና ከእኛ መች ታየ?

ሐኪሙ በመጨረሻ ጊዜ ስሄድ አንድ ከባድ ነገር ነግሮኛል። «መልካሙን ቀንና ክፉውን ቀን ቍጠሩ። ክፉው ቀን የበዛ እንደ ሆነ ውሻው እየኖረ አይደለም፥ እየተሠቃየ ነው፤ ያን ጊዜ አምጣልኝ፥ ያለ ሕመም እንዲያንቀላፋ አደርገዋለሁ» አለኝ። ይህን ለሴት ልጄ ነገርኋት፤ አለቀሰችም። ከዚያ በኋላ ሁለት ማሰሮ አኖረች። ውሻው በበላበት፥ ወደ ፀሐዩ በወጣበትና ጭራውን በቈላበት ቀን ነጭ ጠጠር ትጥላለች፤ ይህ ባልሆነበት ቀን ጥቁር ጠጠር ትጥላለች። ባለፈው ወር ነጩ 22፥ ጥቁሩ 8 ሆነ። ከዚያ በፊት በነበረው ወር ጥቁሩ 5 ነበረ። ቍጥሩ ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን፤ ነገር ግን አንዱንም ቀን ሳናየው አናሳልፈውም።

አንድ ማታ ልጄ ጠጠሩን ከጣለች በኋላ «አባባ፥ ላንተስ ዛሬ ነጭ ነው ወይስ ጥቁር?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ በዚያ ቀን ስለ አንድ ትንሽ ነገር ተበሳጭቼ ነበርና «ጥቁር» ልላት አፌን ከፈትሁ። ከዚያ ግን በልቻለሁን? አዎን። ፀሐይ ሞቄአለሁን? አዎን። በቤቴ የሚቀበለኝ አግኝቻለሁን? አዎን። በውሻው መስፈሪያ የተሰፈረ እንደ ሆነ ቀኔ ነጭ ነበረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ቀኔን በዚህ መስፈሪያ እሰፍራለሁ፤ ከማሰብሁትም ይልቅ ብዙ ነጭ ጠጠር አግኝቻለሁ።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ «እንጀራ ያጣ ሰው ሳለ ለውሻ ይህን ያህል መድከም ይገባልን?» ይል ይሆናል። ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ መልስም ይገባዋል። ውሻውን አጥግቦ የለመነውን ድኻ ከደጁ የሚመልስ ሰው ቢኖር በውሻው ፍቅር አይመካ፤ ምሕረቱ መንገድ ስታለች። ነገር ግን ምሕረት እንደ ጐተራ እህል ስትሰፈር የምታልቅ አይደለችም፤ እንደ ክንድ ጕልበት ስትሠራ የምትበረታ ናት። እኔ በቤቴ ያየሁት ይህን ነው። ልጆቼ የታመመ ውሻ ማገላበጥ ከተማሩ ወዲህ የአያታቸውን እጅ ሳይታዘዙ ይይዛሉ። ምሕረትን ከትንሹ የጀመረ ወደ ትልቁ ይደርሳል፤ ትልቁን ምክንያት አድርጎ ትንሹን የናቀ ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ይተዋል።

በጃፓን አገር ሀቺኮ የሚባል ውሻ ነበረ፤ የተወለደውም በ1923 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። ጌታው በቶክዮ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበረ፤ ውሻውም ጌታው ሲመለስ በሺቡያ የባቡር ጣቢያ ይቀበለው ነበረ። በ1925 መምህሩ በሥራው ላይ ሳለ በድንገት ሞተ። ሀቺኮ ግን እስከ ሞተበት እስከ 1935 ድረስ፥ ዘጠኝ ዓመት ከሚበልጥ ዘመን፥ ወደዚያ ጣቢያ እየመጣ ጠበቀው። ይህን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ይህን ግን ሁሉ አያውቀውም። በፊተኞቹ ዓመታት በጣቢያው ያሉ ሰዎች ያባርሩት ነበረ። በ1932 ስለ እርሱ በጋዜጣ ከተጻፈ በኋላ ግን ሰው ሁሉ መብል ያመጣለት ጀመረ፤ በ1934ም ገና በሕይወቱ ሳለ ሐውልት ቆመለት። ውሻው ያው ውሻ ነበረ፤ የተለወጠው የሰዎቹ ዓይን ነው። እንግዲህ በደጃችን ያለውን ታማኝ ለማክበር ጋዜጣ እስኪጽፍለት ድረስ አንጠብቅ።

ደግሞም በመጽሐፈ ጦቢት ጦብያ ወደ ሩቅ አገር በሄደ ጊዜ ውሻው እንደ ተከተለው፥ ሲመለስም አብሮት እንደ ተመለሰ ይነገራል። ያ ውሻ ሌባ እንደ ያዘ ወይም አውሬ እንዳባረረ አልተጻፈም። የተጻፈለት ሥራ አብሮ መሄድ ብቻ ነው፤ ይህም ለመጻፍ በቅቷል።

ይህን በምጽፍበት ጊዜ መከታ በእግሬ አጠገብ ተኝቷል። በሕልሙ የሚሮጥ ይመስለኛል፤ እግሮቹ ጥቂት ይንቀጠቀጣሉ፥ አፉም ድምፅ ሳይወጣው ይከፈታል። ምናልባት በዚያ በነሐሴ ሌሊት ቆሞ ጅቡን ይጮኽበት ይሆናል። ለእኔ ግን አሁን ባይጮኽም ግድ የለኝም። ልጆች ሆይ፥ የሚጠቅማችሁን መውደድ ነጋዴም ያውቀዋል። እናንተ ግን ከጠቀማችሁ በኋላ የደከመውን መውደድ ተማሩ፤ ውሻም ቢሆን፥ በሬም ቢሆን፥ ይልቁንም ሰው በሆነ ጊዜ። አጥራችሁን ራሳችሁ እጠሩ፤ ፀሐይ ከግድግዳው ላይ ሳታልፍ ሙቁ፤ የቀናችሁንም ጠጠር ሳትቈጥሩ አትተኙ።

ጥያቄ

1. «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ምሳሌ በስንት መንገድ ይነገራል? እያንዳንዱን ተናገሩ።

2. የመምህሩ እናት «እንዝርት ከጣልሁ ሦስት ዓመቴ ነው» ስትል ምን ማለቷ ነበረ?

3. በጊቱ የተበላችው በማን ጥፋት ነው? መምህሩ አስቀድሞ ጥፋቱን በማን ላይ ጫነው?

4. ለውሻ የማይገባው መብል ምንድር ነው? የተነከሰ ሰውስ ምን ማድረግ አለበት?

5. ሀቺኮን ያባርሩት የነበሩ ሰዎች ለምን ተለወጡ?

6. ዛሬ ማታ ለእናንተ የሚጣለው ጠጠር ነጭ ነው ወይስ ጥቁር? ምክንያቱን በአምስት መስመር ጻፉ።